ቻይ ሠራተኛ እና የሚቻል ሥራ

ከታኅሣሥ ወዲያ በጅማ የቡና መጋዘኖች ሥራ ይበረታል። ከጎማ፣ ከጌራ፣ ከሊሙና ከማና የተጫነው ጀንፈል ይቀሸራል፤ ቅሽሩ ረድፍ ይዘው በተቀመጡ ሴቶች ፊት ይፈስሳል፤ ጥቁሩ፣ የተሰበረውና የነቀዘው ፍሬ በእጅ ይለቀማል። ጀርባ ይጎብጣል፣ ዓይን ይደክማል፣ አቧራው ጉሮሮ ይይዛል። እንበልና ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይለቅማሉ። በአንድ ወር ውስጥ በሁለቱም ቤት ሐዘን ገባ፤ ሁለቱም ለቅሶ ተቀምጠው ተመለሱ። አንዷ በአሥር ቀን ውስጥ እንደ ቀድሞዋ መልቀም ጀመረች። ሁለተኛዋ እጇ ዘገየ፣ ከጎኗ ከተቀመጠችው ጋር ተኳረፈች፣ በመጨረሻም ከነጭራሹ ቀረች። ካቦው «ያቺ ቻይ ናት፣ ይቺ ግን አልቻለችም» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል፤ ብዙዎቻችንም በየመሥሪያ ቤታችን እንደ እሱ እንዘጋዋለን።

በሥራ ቦታ ጽናት ላይ ምርምር የሚያደርግ የድርጅት ሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ሥራ የሚጀምረው ካቦው ከዘጋበት ቦታ ነው። የመጀመሪያዋ ሴት ልጆቿን እኅቷ እንደያዘችላት፣ ካቦው ዘመዷ ስለሆነ ጠዋት ብትዘገይ ዝም እንደሚላት፣ ሁለተኛዋ ግን ከለቅሶው ማግስት ጀምሮ እንደ ወትሮው ኪሎ እንድታስረክብ እንደተጠበቀባት ብናውቅ፣ ልዩነቱ በሴቶቹ ሆድ ውስጥ ነው ብለን በዚያው ድፍረት እንናገር ነበር? ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። እሱን በሚታመን መንገድ ለመመለስ ግን አንድ ሰው ሙሉ የሥራ ዘመኑን ሊሰጥበት ይችላል፤ ይህ ጽሑፍ የሚያብራራውም ያ የሥራ ዘመን በምን እንደሚያልፍ ነው። ለአካሄድ እንዲመች አንዲት ፕሮፌሰር በሐሳባችን ጅማ ላይ እናስቀምጣለን። እሳቸው ማንንም የተለየ ሰው አይወክሉም፤ የሚጠቀሙባቸው ጥናቶችና መሣሪያዎች ግን እውነተኞች ናቸው። ከኢትዮጵያ ውጭ ለተደረጉት ጥናቶች የተሰጡት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ችግር ስሙ ነው። እንግሊዝኛው «ሪዚሊየንስ» የሚለው ቃል ተመልሶ መዝለል የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ግስ የወጣ ሲሆን፣ መሐንዲሶች አንድ ብረት ወይም እንጨት ተጭኖ ከጎበጠ በኋላ ጫናው ሲነሣለት ወደ ቀድሞ ቅርጹ የሚመለስበትን ጠባይ ይጠሩበታል። በአማርኛ፣ ስለ ድርቅና ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚጽፉ ሰነዶች «አይበገሬነት» ይሉታል። ቃሉ ያምራል፤ ነገር ግን አይበገሬ ማለት የማይረታ፣ የማይንበረከክ ነው፤ የተፈለገው ግን ጎብጦ የሚመለስ ነው። «ቻይነት» ሸክሙን ይናገራል እንጂ ስለ መመለሱ ምንም አይልም፤ እንዲያውም በእኛ ዘንድ ቻይ የሚባለው ሰው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ የሚሸከምና አንድ ቀን በድንገት የሚወድቅ ነው። «ማገገም» ለበሽተኛ ይቀርባል። በከተማዋ ከአማርኛ ጎን በሰፊው የሚነገረው አፋን ኦሮሞ «ኦብሳ» የሚል ውብ ቃል አለው፤ እሱም ወደ ትዕግሥት ያደላል። እዚህ «ጽናት» እያልን እንቀጥላለን፤ ቃሉም ጎድሎት እንጂ ሞልቶለት አይደለም። ተመራማሪዎቹ በዚህ ስም የሚጠሩት ነገር ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ብቻ የሚታይ ነው፤ እነዚህም የሚያናጋ ጫና ወይም ጉዳት መኖሩ፣ ከዚያ በኋላ ሰውየው ሥራውንና ኑሮውን በደኅና ሁኔታ መቀጠሉ ወይም ወደዚያ መመለሱ፣ እንዲሁም ይህን ለማየት የሚያስችል ጊዜ ማለፉ ናቸው። ጫና ያልነካውን ሠራተኛ ጽኑ ነው ማለት፣ ጭነት አስሮ የማያውቀውን ገመድ ጠንካራ ነው እንደ ማለት ነው።

ጥያቄው የተወለደው ሥራ ቦታ ላይ አልነበረም። ኤሚ ወርነር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው፣ ካዋይ በምትባለው የሃዋይ ደሴት በ1955 የተወለዱ 698 ሕፃናትን እስከ ጉልምስናቸው ድረስ ተከታተሉ። በድህነት፣ በወላጅ ሕመምና በቤተሰብ ጠብ መካከል ካደጉት ልጆች ሲሶ ያህሉ ሥራ የሚሠሩ፣ ለሰው የሚያስቡ፣ በራሳቸው የሚተማመኑ አዋቂዎች ሆኑ። እስከዚያ ድረስ ምሁራኑ አብዝተው ይጠይቁ የነበረው «ልጆቹ ምን አበላሻቸው?» ብለው ነበር፤ ይህ ውጤት ጥያቄውን ገለበጠው። ከመልሶቹ አንዱ ለጅማ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ደኅና ካደጉት ልጆች ብዙዎቹ ከወላጅ ሌላ የሚያዝንላቸውና የሚያምናቸው አንድ ትልቅ ሰው ነበራቸው፤ አያት፣ ጎረቤት ወይም መምህር።

ወደ ሥራ ቦታ ካመጡት መካከል ሱዛን ኮባሳና ሳልቫቶሬ ማዲ ይገኙበታል። እነዚህ ሁለት ተመራማሪዎች በኢሊኖይ ቤል የስልክ ኩባንያ ሥራ አስኪያጆች ላይ ከ1975 ጀምሮ ለ12 ዓመታት ጥናት አካሄዱ። በመካከሉ፣ በ1981፣ ኩባንያው 26,000 ገደማ የነበሩትን ሠራተኞቹን በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 14,000 አወረደ። ከተጠኑት ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ያህል በጤናም በሥራም ተጎዱ፤ አንድ ሦስተኛው ግን ደኅና ቆዩ፣ አንዳንዶቹም ከቀድሞ የተሻሉ ሆኑ። ተመራማሪዎቹ የቆሙትን ሰዎች ሦስት ነገሮች ያመሳስሏቸዋል አሉ፤ ከሥራቸውና ከሰዎቻቸው አለመራቅ፣ የሆነ ነገር በእጄ ነው ብሎ ማመን፣ ለውጥን እንደ መማሪያ ማየት። በከተማችን የሚሠራው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወለሉ ቢጎረብጥም እንደማይወላወል የሚያውቅ ሰው ይህን ሐሳብ ለመረዳት አይቸገርም፤ አንዱ እግር ሲነቀል ምን እንደሚሆን ግን መጨመር አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በዚያ ጥናት 12,000 ያህል ሰው ከሥራው ሲለይ፣ ለታሪክ የተረፈው ትምህርት በዋናነት ደኅና ስለ ቆዩት ሰዎች ጠባይ ሆነ። ይህ ዘንበል ማለት ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ዘርፉን ተከትሎታል፤ የፕሮፌሰራችንም የሥራ ዘመን በአንድ መልኩ ከዚህ ዘንበል ማለት ቀስ እያሉ የመውጣት ታሪክ ነው።

ስለ መንገዱ ባጭሩ እንናገር። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ውጤቱ ያማረ ተመራቂ በረዳት ምሩቅነት፣ በተለምዶ «ጂኤ» በሚባለው ደረጃ፣ ይቀጠራል፤ ፈተና ይቆጣጠራል፣ ወረቀት ያርማል፣ ለታላላቆቹ መረጃ ይሰበስባል። ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ሌክቸረር፣ ሦስተኛውን ይዞ ረዳት ፕሮፌሰር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በሚያሳትማቸው ጥናቶች፣ በማስተማር ብቃቱና በማኅበረሰብ አገልግሎቱ እየተመዘነ ተባባሪ ፕሮፌሰር ይሆናል። ሙሉ ፕሮፌሰርነትን የሚያጸድቀው የዩኒቨርሲቲው ሥራ አመራር ቦርድ ነው። ከመጀመሪያው ዲግሪ እስከዚያ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ቢያልፍ አያስደንቅም። በመሀሉ ሰፈሩ በራሱ መንገድ ማዕረግ ይሰጣል፤ «ዶክተር» ከተባሉ ማግስት ጀምሮ ለቅሶ ቤት ስለ ደም ግፊት ኪኒን ይጠየቃሉ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ መሆናቸውን ሲናገሩ ደግሞ «እንግዲያው አሁን ምን እያሰብኩ ነው?» ይባላሉ። መድኃኒት የሚያዘው የአእምሮ ሐኪም ነው፤ ሐሳብ የሚያነብ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ መዋቅር ውስጥ የለም።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥናት የሚስማማ ጠባይ አለው። ተቋሙ፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር፣ በ1952 ከተከፈተው የእርሻ ኮሌጅና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ውህደት በ1999፣ ማለትም በታኅሣሥ 1992 ዓ.ም.፣ የተመሠረተ ሲሆን፣ ከጤና ኢንስቲትዩቱ ዘመን ጀምሮ ተማሪዎቹን ወደ ቀበሌና ወደ ገጠር አውጥቶ በማስተማር፣ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት በሚባለው ሥርዓት፣ ይታወቃል። በዚህ ሥርዓት ያለፈ ሰው የምርምር ጥያቄ ከቤተ መጻሕፍት ብቻ እንደማይመጣ ቀደም ብሎ ይማራል። በአንድ በኩል ትልቅ ሆስፒታል፣ በሌላ በኩል የቡና መጋዘን፣ ወዲያ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ባለበት ከተማ የሥራ ጫናን ለማጥናት የሚሻ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት የሚበላው ሥራ መለካት ነው። ጽናትን ለመለካት በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ ኮነርና ዴቪድሰን በ2003 ያወጡት ነው፤ 25 ዐረፍተ ነገሮች አሉት፣ መላሹ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጣል፣ ድምሩ እስከ 100 ይደርሳል። በ2008 የወጣ ባለ 6 ጥያቄ አጭር መጠይቅም አለ፤ ከስድስቱ ሦስቱ በአዎንታ፣ ሦስቱ በተቃራኒው የተጻፉ ናቸው። መጠይቆቹ ከመጡበት አገር ውጭ እንዳሉ ሊሠራባቸው አይችልም። ተተርጉመው ዋናውን ባላየ ሌላ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳሉ፣ ሁለቱ ይመሳከራሉ፣ ከዚያም በጥቂት ሰዎች ላይ ይሞከራሉ። ጅማ ላይ ይህ ለአማርኛም ለአፋን ኦሮሞም ለየብቻ መደረግ አለበት። በተቃራኒ የተጻፉት ጥያቄዎች በአማርኛ ልዩ መከራ አላቸው፤ «ከችግር በኋላ ለመመለስ አይቀለኝም» ለሚል ዐረፍተ ነገር «አልስማማም» ብሎ መመለስ አሉታን በአሉታ መሻር ስለሆነ፣ የደከመ ሰው ልቡ አንድ ነገር እያሰበ እጁ ሌላውን ያከብባል።

ከሰዋስውም የሚከፋ ችግር አለ። መረጃ ሰብሳቢዋ ወጣት ከአንዲት ለቃሚ አጠገብ ቁጢጥ ብላ «እማማ፣ ሥራው እንዴት ነው?» ትላለች። «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ» ይሏታል። ከጎናቸው ያሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ሁለቱም መልስ እውነት ነው፤ ሁለቱም ግን ስለ ሥራው አይደለም። ጤና ሰጥቶ ላነቃ አምላክ የቀረበ ምስጋና ነው፤ ለእንግዳ ብሶት አለመዘርገፍም ጨዋነት ነው። ይህን መልስ «ከፍተኛ እርካታ» ብሎ በቁጥር የመዘገበ ጥናት ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ነገሩን ይስታል። ስለዚህ ልምድ ያለው ተመራማሪ ስለ ስሜት ፊት ለፊት መጠየቁን ትቶ ወደ ድርጊት ይወርዳል፤ ባለፈው ሳምንት ስንት ሌሊት ሥራውን እያሰቡ ነቁ? ከሥራ ሲመለሱ ከልጆች ጋር ለመጫወት አቅም የነበረዎት ስንት ቀን ነው? ሲያማችሁ ቦታችሁን ማን ይይዝላችኋል? ማንበብ ለማይችሉ መላሾች በአንዳንድ የመስክ ጥናቶች ጠጠር ወይም ፍሬ ተሰጥቶ በመቁጠር እንዲመልሱ ይደረጋል፤ ጅማ ላይ ለዚህ የሚሆን ፍሬ አይጠፋም።

አሁን የዘርፉን ዋና መታጠፊያ እንመልከት፤ የፕሮፌሰሯም ሐሳብ የተቀየረው እዚህ ላይ ነው እንበል። በወጣትነታቸው ጽኑና ጽኑ ያልሆኑ ሠራተኞችን በመጠይቅ እየለዩ ያጠኑ ነበር። ችግሩ፣ ተመሳሳይ ነጥብ ያመጡ ሁለት ሰዎች ሁለት ቦታ ሲሠሩ የተለያየ ዕጣ ይገጥማቸዋል። በ1979 ሮበርት ካራሴክ የአሜሪካና የስዊድን ሠራተኞችን መረጃ መርምረው፣ ሰውን ክፉኛ የሚጎዳው የሥራ ብዛት ብቻ ሳይሆን ብዙ ሥራና ትንሽ የመወሰን ነፃነት ሲገናኙ መሆኑን አሳዩ። በ2001 ደግሞ ኢቫንጀሊያ ዴመሩቲና ባልደረቦቻቸው በጀርመን ሠራተኞች ላይ ባደረጉት ጥናት ሐሳቡን አሰፉት። ማንኛውም ሥራ ጫናና ስንቅ አለው አሉ። ጫናው የሥራው ብዛት፣ ፈረቃው፣ ሙቀቱ፣ የደንበኛው ቁጣ ነው። ስንቁ ደግሞ ሠራተኛው ጫናውን የሚሸከምበት ሁሉ ነው፤ የሚያግዝ ባልደረባ፣ የሚሰማ አለቃ፣ የሥራውን ቅደም ተከተል የመወሰን ዕድል፣ በጊዜ የሚደርስ ደመወዝ፣ ስለ ሥራው የሚነገር ግልጽ ቃል። ጫናው ሲበዛ ሰው ይዝላል፤ ስንቁ ሲያንስ ከሥራው ልቡ ይሸሻል። ሁለቱ አብረው ሲመጡ ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን በ1981 መለኪያ ያወጡለት የሥራ መንደድ፣ በእንግሊዝኛው «በርንአውት» የሚባለው፣ ይከተላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ይህን መንደድ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ እንጂ በሽታ ብሎ አለመመዝገቡ ልብ የሚባል ነው፤ ምንጩን ከሰውየው ይልቅ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና ላይ ያስቀምጠዋልና።

ስንቅ የሚለውን ቃል ሆን ብዬ መርጫለሁ። ስቴቫን ሆብፎል በ1989 ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ ሰው ያለውን ስንቅ ለመጠበቅ እንደሚጨነቅ፣ ማጣትም ከማግኘት በላይ እንደሚከብደው፣ ይልቁንም አንዱ ማጣት ሌላውን እየጎተተ እንደሚያመጣ ያስረዳል። ይህን ለማስረዳት ንድፈ ሐሳብ የማያስፈልጋት ሰው ቢኖር እቁብ የምትጥል ሠራተኛ ናት። ክፍያዋ በሁለት ሳምንት ዘገየ እንበል። የእቁቡን ለመሙላት ትበደራለች፤ ብድሩ ከጎረቤቷ ጋር ያቃቅራታል፤ ልጇን ትይዝላት የነበረችው ያቺው ጎረቤት ናት፤ ልጁን የሚይዝ ሲጠፋ ጠዋት ትዘገያለች፤ ስትዘገይ ትቀጣለች። በካቦው ዓይን ይህች ሴት በሦስተኛው ሳምንት «አልቻለችም»። ተመራማሪዋ ግን ሰንሰለቱን ወደ ኋላ ተከትለው ሲሄዱ የሚደርሱት በሒሳብ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሳይፈረም ወደ ቆየ አንድ ወረቀት ነው። በተቃራኒው እድር ያለው ሠራተኛ ሐዘን ሲደርስበት ድንኳኑ፣ ወንበሩና ገንዘቡ ባይጠይቅም ይመጣሉ። ጽናቱ የእሱ ብቻ ነው ማለት ይቸግራል፤ ግማሹ በእድሩ መዝገብ ላይ የተጻፈ ነው።

ከሆስፒታል በኩል የሚጠቀስ ሌላ ጥናት አለ። ኤሚ ኤድመንድሰን በ1996 ባሳተሙት ጥናት የነርሶችን ቡድኖች ሲያወዳድሩ፣ ጥሩ አመራርና መግባባት ያላቸው ቡድኖች አነስተኛ የመድኃኒት ስሕተት ይኖራቸዋል ብለው ጠብቀው ነበር። ቁጥሩ ተገልብጦ መጣ፤ ጥሩ የተባሉት ብዙ ስሕተት ነበራቸው። ነገሩ ሲጣራ ይሳሳቱ የነበሩት በእኩል ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ ጥሩዎቹ ቡድኖች ስሕተታቸውን ያለ ፍርሃት መናገራቸው ነበር። በ1999 ይህን «ያለ ፍርሃት የመናገር ዋስትና» የተለየ የጥናት ርዕስ አደረጉት። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ይህ ነጥብ ከባድ ነው ብዬ አምናለሁ። አለቃን በስብሰባ ማረም እንደ ድፍረት፣ አንዳንዴም እንደ ሤራ ይታያል፤ ስለዚህ የሌሊት ፈረቃ ነርስ ያየችውን ጉድለት ለሻይ ሰዓት ጓደኛዋ ትናገራለች እንጂ ወደ መዝገብ አይገባም። ቡድኑ ከውጭ ሲታይ ሰላማዊ ነው። ጫና በመጣ ቀን፣ ለምሳሌ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ ከተገኘ በኋላ በነበሩት ወራት፣ እንዲህ ያለ ቡድን የሚጎድለውን ነገር አስቀድሞ የነገረው ሰው ስለሌለ ይደናገጣል።

ስለዚህ ፕሮፌሰሯ በሥራ ዘመናቸው አጋማሽ የመጠይቃቸውን ግማሽ ያወጡና በምትኩ ስለ ሥራው ጥያቄ ያስገባሉ። ይህን ማድረግ በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ በሥራ አስኪያጅ ቢሮ ውስጥ ግን አይደለም። ድርጅቶች ተመራማሪ ሲጋብዙ ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሥልጠና ነው፤ ሠራተኛው በአንድ ቀን አዳራሽ ተሰብስቦ፣ ውኃና ቆሎ ቀርቦለት፣ ጠንካራ ሆኖ እንዲወጣ። እንዲህ ያለው ሥልጠና ፈጽሞ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን 37 ጥናቶችን ጠቅልሎ በ2016 የታተመ ግምገማ፣ በሥራ ቦታ የሚሰጡ የጽናት ሥልጠናዎች ውጤታቸው በጥቅሉ አነስተኛ እንደሆነና ጊዜ ሲያልፍ እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ ከሁሉ የተሻለውም አሠልጣኝና ሠልጣኝ አንድ ለአንድ ተገናኝተው የሚሠሩት እንደሆነ አሳይቷል። ሁለተኛው ፍላጎት የባሰ ነው፤ «ደካሞቹን ለይተው ይንገሩን» የሚል።

ለሁለተኛው መልሱ ሁልጊዜ እምቢ ነው። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ያጸደቀው ሰነድ አለ፤ ሠራተኛው ምን እንደሚጠየቅ፣ ባይመልስ ምንም እንደማይደርስበት፣ ስሙ በቁጥር እንደሚተካ ተነግሮት ፈቅዶ ነው የሚገባው። ማንበብ የማይችል ከሆነ በቋንቋው ይነበብለታል። ይህ ቃል አንዴ ከተበላሸ በዚያ መጋዘን ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ ባሉትም ማንም እውነቱን አይናገርም፤ ወሬው በአንድ ሰዓት ቡና ሦስት ሰፈር ይደርሳልና። ጥንቱንም ቢሆን ብዙ ሠራተኛ ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው ከቅነሳ ጋር ነው የሚያያይዘው። ስለዚህ ፕሮፌሰሯ ለሥራ አስኪያጁ የሚያስረክቡት የሰዎች ዝርዝር ሳይሆን የሥራ ክፍሎች ንጽጽር ነው፤ በየትኛው ፈረቃ ዕረፍት እንደሚጓደል፣ ክፍያ የት እንደሚዘገይ፣ በየትኛው ካቦ ሥር ሰው እንደሚበረክት።

ዕረፍትን በተመለከተ ሕጉና ሳይንሱ ይገናኛሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ላይ ይወስነዋል፤ በሳምንትም ያልተቋረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት ያዛል። ጀርመናዊቷ ሳቢኔ ሶነንታግና ሌሎች ያካሄዷቸው ጥናቶች ደግሞ ሰው ከሥራ የሚያገግመው አካሉ ሲወጣ ብቻ ሳይሆን ሐሳቡም አብሮት ሲወጣ መሆኑን ያመለክታሉ። የመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ቡድን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ «አስቸኳይ» እያለ የሚጮህበት ሠራተኛ አካሉ መንደራ ሰፈር ቤቱ ነው፣ ሐሳቡ ቢሮ ነው። እርግጥ በሕግ የተጻፈው ዕረፍት በቀን ሥራ ለሚኖረው፣ በኪሎ ለሚከፈለው ሰው ምን ያህል እንደሚደርስ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ዕረፍት የወሰደበት ቀን ያልበላበት ቀን ሊሆን ይችላልና።

የቀረው ጉዳይ ጊዜ ነው፤ በእኔ አስተያየት በዚህ ሙያ ውስጥ ጥሩውን ጥናት ከደካማው የሚለየው ይኸው ነው። ጽናት መመለስ ከሆነ አንድ ቀን በተሞላ መጠይቅ አይታይም። ከጫናው በፊት፣ በጫናው መካከልና ከጫናው በኋላ ያንኑ ሰው ማግኘት ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ጅማ ለተመራማሪ የተመቸች ናት፤ የቡና ወቅት ጫናውን በየዓመቱ በታወቀ ጊዜ ያመጣዋል። ፕሮፌሰሯ በኅዳር መግቢያ አንድ ጊዜ፣ በየካቲት ሥራው ሲፋፋም ሁለተኛ ጊዜ፣ በሰኔ ሦስተኛ ጊዜ ይለካሉ እንበል። በሰኔ የተገኙት ሠራተኞች አማካይ ነጥብ በኅዳር ከነበረው ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ ቸኩሎ የሚደሰት ሰው «መጋዘኑ ሠራተኛውን አጠነከረ» ይላል። ነገር ግን በኅዳር 100 ሆነው ተለክተው በሰኔ 60 ብቻ ቢገኙ፣ ከፍ ያለው ነጥብ በሥራው ላይ የቆዩት የ60ዎቹ እንጂ የመቶዎቹ አይደለም። ሥራው ማንንም ሳያጠነክር የተጎዱትን አራግፎ ብቻ ጽኑ መምሰል ይችላል። ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ በሚለቅበት በማንኛውም ሥራ፣ በጨርቃ ጨርቅም ሆነ በባንክ መስኮት፣ ያሉትን ብቻ የሚለካ ጥናት ይህን ስሕተት ይሠራል።

በዚህ ምክንያት የሰኔው ዙር ከመጋዘኑ ውጭም ይካሄዳል። መረጃ ሰብሳቢዎቹ በኅዳር ሲፈቀድላቸው የያዙትን ስልክ ይደውላሉ፤ ካልሠራ በሰፈር ይጠይቃሉ፣ ለምን እንደሚፈልጓት ግን ለጎረቤት አይናገሩም። ሲያገኟት ለመጋዘኑ የሚጠቅመውን ጥያቄ ብቻ አይጠይቋትም። ቡድኑ መስክ ሳይወጣ በፊት ረጅም ሰዓት የተከራከረበት ነገር «ተመለሰች» የሚባለው በምን ይለካል የሚለው ነበር፤ በቀን በምትለቅመው ኪሎ ወይስ በእንቅልፏ፣ በልጆቿ ምግብና በራሷ ቃል? ሁለቱንም እንይዛለን ብለው ተስማሙ፤ ሁለቱ ሲጋጩም ግጭቱ ሳይደበቅ ይጻፋል። ስለዚህ በየካቲት ቦታዋ ባዶ የነበረው፣ ካቦው አልቻለችም ያላት ሴት፣ በመጋዘኑ መዝገብ ከስሟ ጎን «ቀርታለች» የሚል ብቻ ሲኖር፣ በመጠይቁ ላይ «አሁን ምን ትሠራለች» የሚለው ረድፍ እንዲህ ተሞልቷል፦ ሂርማታ ገበያ፣ እንጀራ፣ ከጥር ጀምሮ።